ከኩሽናው ዘኮሎ ኋላ

ትናንት አናጺው የእናቴን የኩሽና ካቢኔት ዘኮሎ ሲነቅል ከኋላው የሐይቅ ሽታ ወጣ። ካቢኔቱን ከወለሉ ጋር የሚያገናኘው ያ ቀጭን ጣውላ አንድ ጫፉ ውሃ ጠጥቶ ተፈርፍሯል። «እማማ፣ ይሄ አልቆለታል፤ አዲስ ላድርግልዎት» አለ። እናቴ ከወንበሯ ብድግ ብላ «እንዳትጥለው!» አለችው። እኔም እዚያው በቆምኩበት ልጅ ሆንኩ።

ልጅ እያለሁ ታላቅ ወንድሜ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቹ ባዶ ጀልባውን እየጎተቱ መጡ፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። መቃብር እንኳን የለውም። አባቴ አናጺ ነበርና ጀልባውን ፈታትቶ አንዱን ጣውላ ለእናቴ ካቢኔት ዘኮሎ አደረገው፤ ሰማያዊ ቀለሙን ወደ ውስጥ አዙሮ። ምስኪን አባቴ፣ ሌላ የሚያስቀምጥላት ነገር አልነበረውም። አክስቴ ከደጋው ከኦቾሎ ወርዳ ይህን ስታይ ጮኸች። «ጎሜ ነው! ውሃ የበላው ሰው ዕቃ ቤት አይገባም፤ ተከትሎት ይመጣል!» ጎሜ እኛ ጋ ነውር ሠርተው የሚያመጡት መዓት ነው። ከዚያ ወዲያ አክስቴ ከዚያ ኩሽና እህል አልቀመሰችም።

እኔ ደግሞ የወንድሜን መምጣት እጠብቅ ጀመር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ጭር ካለ፣ ከጣውላው ኋላ ውሃ ቸብ ቸብ ሲል እሰማ ነበር። እናቴ ወለሉን ስትወለውል እዚያ ጋ ስትደርስ ጎንበስ እንዳለች ትቆያለች። «ይሰማሻል?» ትለኛለች። «ምንም አይሰማኝም» እላታለሁ፤ እውነቱን ብናገር የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ፊቷን አዙራ መወልወሏን ትቀጥላለች።

ትናንት አናጺው የበሰበሰውን ጫፍ ቆርጦ፣ አዲስ እንጨት በሙጫ ቀጥሎበት ቦታው መልሶ ገጠመው። እናቴ እንደለመነችው ሰማያዊው ወደ ውጭ ዞረ። ሰውዬው ሲሄድ እናቴ ያንን የሚያማትን ጉልበቷን አጥፋ ወለሉ ላይ ተጋደመች፤ ጆሮዋን ከጣውላው ለጥፋ ጠራችኝ። አጠገቧ ተጋደምኩ። አዲሱ ሙጫ ይሸታል። ያ ስሸሸው ያደግኩት ድምፅ አንዴ እንዲመጣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ውጭ ባጃጅ አለፈ፤ ሌላ ምንም የለም።

«ይሰማሻል?» አለችኝ።

«ይሰማኛል፣ እማዬ» አልኳት።