ለአያ ሞላ ተነስተን ርብ ውስጥ ገባን

ዛሬ ስድስታችንም ከነልብሳችን ርብ ወንዝ ውስጥ ገባን። ጥፋቱ የጨዋነታችን ነው።

ከአረብ አገር ከተመለስሁ ጀምሮ እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ወንድሜና ጓደኞቹ "ውሃና ነፋስ ይሻልሻል" ብለው፣ በጎማ ጀልባ ወንዙን ልንወርድ ከደብረ ታቦር ይዘውኝ ወጡ።

እኛ ጀልባው ላይ ተደርድረን ሳለ አጎታችን አያ ሞላ ሊሳፈሩ እግራቸውን አነሱ። ሁላችንም "ኖር!" ብለን ብድግ! ጀልባው ተገለበጠ።

ደግነቱ ውሃው እዚያ ጋ ከወገብ አያልፍም። አያ ሞላ ዳር ላይ ቆመው "በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ ልጆቼ!" ይላሉ። ምን ላይ እንቀመጥ?

ስንት ወር ሳቅ የራቀኝ ሴት ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ እሳቸውን ተቀምጠን ተቀበልናቸውና ክንዳችን እስኪዝል ቀዘፍን።

ስንጨርስ ልብሴ እስኪደርቅ ብዬ አለት ላይ ጋደም አልሁ። ያለ ኪኒን እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ!

ስነቃ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፤ አያ ሞላ ጋቢያቸውን አልብሰውኝ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ለካ ወንድሜ ሊቀሰቅሰኝ ሲመጣ "ተዋት፤ ለዛሬ አንዴ ተነስታልኛለች" ብለውታል።

ተመስገን ነው። እናንተስ፣ እንቅልፍ የመለሰላችሁ የትኛው ወንዝ፣ የትኛው ጫካ ነው? ንገሩኝ። ብቻ ጀልባ ላይ ሽማግሌ ሲመጣ እንዳትነሱ።