የእሜቴ ክክ አራት ሳጥኖች

አክስቴን ተማሪዎቿ «እሜቴ ክክ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በትምህርት መክፈቻ ሰሞን፣ ገና ራሷን ሳታስተዋውቅ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተዘፈዘፈ ባቄላና በቆሎ አድላ «ልጣችሁ ክፈሉልኝ» ስለምትል ነው። ባቄላው እጅ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ በቆሎው አሻፈረኝ ይላል። «አበባ ያላቸው ዕፅዋት በሁለት ቤት የተከፈሉት እንዲህ ነው» ትላለች፤ «ባለ ሁለት ክክና ባለ አንድ ክክ።» በቅጽል ስሙ አትቆጣም። እንዲያውም ባሏ ሲያናድዳት «እሜቴ ክክ ዛሬ ራት አትሠራም» ብላ ታኮርፋለች።

ባሏ፣ እኔ አጎቴ የምለው፣ አናጺ ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ምስጢር ግን አይቋጥርም። «አንተ ሰውዬ ጥድ ነህ» ትለዋለች። «ሌላው ዘሩን በፍሬ ሸፍኖ ይይዛል፣ አንተ ራቁቱን አስጥተህ ለነፋስ ትሰጣለህ።» እሱም «ታዲያ ጥድ ዕድሜው ረጅም አይደል?» ብሎ ይስቃል። የዓይኗን ነገርም ሰፈሩ ሁሉ የሰማው ከእሱ አፍ ነው።

ሕመሙ የጀመራት ከእይታዋ ዳር ነበር። መጀመሪያ የበሩ መቃን ትከሻዋን ይመታት ጀመር። ቀጥሎ ውኃ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ታፈስ ጀመር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አላት፤ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውንም ለማቆየት እንደሚሞክር ነገራት። ሞከረ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀረላት።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። እጇን ይዤ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህሩ የድሮ ተማሪዋ ነው፤ እንዴት እንደሚጀምር ጨንቆት ወረቀት ያገላብጥ ነበር።

«ቲቸር፣ እርስዎን ማሰናበት አልፈልግም» አላት በመጨረሻ። «ለምን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አይሆኑልኝም?»

«ማየት ለተሳናት ሴት መጻሕፍት? ምን ልሠራ ነው? አቧራውን ልጠብቅልህ?»

እሱም ሳይወድ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ይህችን መንፈቀ ዓመት አስተምሬ ልይ። ካቃተኝ ራሴ መጥቼ እነግርሃለሁ» አለችው። እሺ አላት፤ አንድ ቀን ገብቶ ትምህርቱን እንደሚያይ ግን ነገራት።

ቤት ስንደርስ ያ ሁሉ ድፍረት ከዳት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሳትሥል፣ የተማሪ ፊት ሳታይ እንዴት እንደምታስተምር አላወቀችም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። አጎቴ እንኳ ቀልዱ ጠፋበት።

አንድ ቅዳሜ ከጓሮ ስትጮህ ሰማን። ወድቃለች ብለን እየተጋጨን ወጣን። ልብስ ልታጥብ ወጥታ፣ ሚዛኗን ስታ እርጥቡን ግድግዳ ተደግፋለች። እጇን ከዚያ አላነሳችም።

«ንኪው» አለችኝ።

ጣቴን ሰደድኩ። ግድግዳው ላይ የተነጠፈው አረንጓዴ ነገር፣ እነሱ ሞስ የሚሉት፣ እንደ እርጥብ ቬሉቶ ለስልሷል።

«እውነተኛ ሥር የለውም» አለች። «ውኃ የሚያመላልስበት ቱቦም የለውም፤ በገላው ሁሉ ነው የሚጠጣው። ለዚህ ነው ከመሬት ከፍ ማለት ያልቻለው። ስንት ዓመት ሙሉ በሥዕል አስተማርኩት፣ አንድ ቀን ግን ዳስሱት ብዬ አላውቅም!» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ ሳጥን ትሠራልኛለህ።»

ጠርዛቸው በደንብ የተላገ አራት ሳጥኖች ሠራላት። አንደኛው ውስጥ ሞሱን አደረገች። ሁለተኛው ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀው የፈርን ሆነ፤ ቱቦ አለው፣ ቁመት አለው፣ ዘር ግን የለውም፤ በቅጠሉ ጀርባ የተደረደሩት የስፖር፣ ማለትም እንደ ዱቄት የደቀቀው መራቢያው፣ ከረጢቶች ጣት ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራሉ። ሦስተኛው የጥድና የዘመዶቹ ሲሆን፣ ዘራቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ክፍሎች መሐል ራቁቱን ይቀመጣል። አራተኛው ዘራቸውን በፍሬ ውስጥ የሚሸሽጉት የአበባማዎቹ ነው፤ ለሁለቱ ክኮች ስትል መሐሉን በጣውላ አስከፈለችው።

ከዚያ ልምምድ ተጀመረ። አጎቴ ከየመንገዱ ዳር ቅጠል ለቅሞ ያቀርብላታል፣ እሷ ዳስሳ፣ አሽትታ፣ አንዳንዴም በጥርሷ ነክሳ ትለያለች። አንድ ቀን የፕላስቲክ አበባ መሐል ቀላቅሎ ሰጣት። «ይሄ ደግሞ የማን ወገን ነው?» ብላ በዚያው ወረወረችበት። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ርዕሰ መምህሩ የመጣ ዕለት ተማሪዎቹ ዓይናቸውን በሻርፕ አስረው፣ ሳጥኖቹን ከበው ይዳስሱ ነበር። እኔ ሰሌዳ ላይ የምትለውን እጽፍላታለሁ። እሱ ከኋላ ተቀመጠ። ሁሉም ነገር ያምር ነበር፤ አንዲት ተማሪ ከአንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ መቀበያ የቆረጠችውን የጌጥ ተክል እስክትሰጣት ድረስ። አክስቴ ዳሰሰችው። እንደ ላባ ቀጭንና ለስላሳ ነው።

«ፈርን» አለች ሳትጠራጠር። «ሁለተኛው ሳጥን።»

ልጅቷ ሻርፗን ከፍ አድርጋ አየችው። «ቲቸር፣ ይቅርታ... ይሄ እኮ ቀይ ፍሬ አለው።»

ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ወደ ርዕሰ መምህሩ ማየት ፈራሁ።

«ፍሬ?» አለች አክስቴ። «እስቲ አምጪው።»

በሁለት ጣቷ ጨመቀችው። ጥቁር ጠንካራ ዘር መዳፏ ላይ ወደቀ። አገላበጠችው፤ ከዚያ ፊቷ በራ።

«ሻርፓችሁን ፍቱ» አለች። «ተሳስቻለሁ። እንዴት እንደተሳሳትኩ ተመልከቱ። ቅጠሉ ላባ ሲመስለኝ ጊዜ ሌላውን ሳልመረምር ፈረድኩ። ቅጠል ልብስ ነው፤ ሁለት ባዳ ሰዎች አንድ ዓይነት ልብስ ሊለብሱ ይችላሉ። የዕፅዋት ዝምድና በዋናነት የሚጠየቀው ከአወላለዳቸው ነው። ፈርን በስፖር ይራባል፣ ፍሬ አፍርቶ አያውቅም። ይሄኛው ዘሩን በፍሬ ጠቅልሏል። ታዲያ ወዴት ይግባ?»

«አራተኛው!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«በየትኛው በኩል?»

እዚህ ላይ ተከራከሩ። እሷም ተክሉን አሁን እንዳወቀችው፣ አበባው ስድስት ቅጠል እንዳለው፣ ሦስትና የሦስት ብዜት ደግሞ የባለ አንድ ክኮቹ ልማድ እንደሆነ ነግራ አስታረቀቻቸው። ልጅቷን ጠርታ ትከሻዋን ቸብ አደረገቻት። «ዛሬ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ» አለቻት።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ርዕሰ መምህሩ ወደ ፊት መጣ።

«ቲቸር፣ ሲሳሳቱ ክው ነው ያልኩት።»

«እኔስ ብትል?»

«እኔ እርስዎ ጋ ስማር አራቱንም ሸምድጄ ነበር ያለፍኩት። ለምን እንደተለያዩ የገባኝ ዛሬ ነው።» አንዱን ሳጥን ነካ አደረገ። «ለቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን አጥብቃ ይዛ ነበር። ሳታለቅስ ቆይታ፣ መታጠፊያው ላይ ስንደርስ አለቀሰች። እኔም አብሬያት።

በሚቀጥለው ዓመት ማየት የተሳናቸው ሁለት ልጃገረዶች ትምህርት ቤታችን ገቡ። ከዚያ በፊት እንደ እነሱ ያሉት በባዮሎጂ ሙከራ ሰዓት ውጭ ይቀመጡ ነበር። ባለፈው ሳምንት በክፍሉ መስኮት ሳልፍ ሁለቱ አንድ የዱባ ሐረግ ግራና ቀኝ ይዘው ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።

«የቅጠሉ ጅማት እኮ መረብ ነው፣ ባለ ሁለት ክክ ነው፣ ዳስሺው!»

«አንቺ ደግሞ፣ እኔ መጀመሪያ ዘሩን ክፈቺ ነው ያልኩሽ!»

አክስቴ ጠረጴዛው አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማለች። አልገላገለቻቸውም።