ዝምተኛው ሞተር

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች ወሬያቸው ከየትም ቢጀምር መጨረሻው ሞተር ሳይክሉ ላይ ነው። ስለ እሱ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥም ከየት እንደምጀምር አላስቸገረኝም። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። የሚያስቀኝን አስቀድማለሁ፤ ሌላው የትም አይሄድም።

የእንስሳት ጤና ቴክኒሺያን ነበር። ገበሬው ግን "ዶክተር" ይለዋል። መጀመሪያ ላይ "ኧረ ዶክተር አይደለሁም" እያለ ያስረዳ ነበር፤ ኋላ ታከተውና ተወው። ከደብረ ታቦር እየተነሣ ከጋፋት ማዶ እስከ ጉና ግርጌ ያለውን አገር በአንድ አሮጌ የጃፓን ሞተር ሳይክል ያካልል ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያገለገሉ ዕቃዎችን ሲሸጥ በጨረታ የገዛው ነው። የቀድሞ ቀለሙ ምን እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ሳውቀው የጭቃ ቀለም ነበረው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተበስቶ ተበይዷል፣ ተበይዶ ደግሞ ተበስቷል። ድምፁ ከአንዱ ጋራ ተነሥቶ ሌላውን ጋራ ይሻገራል።

ይህ ድምፅ የሥራውን ግማሽ ይሠራለት ነበር። ያኔ በገጠሩ የእጅ ስልክ የሚባል ነገር የለም። ገበሬው እያረሰም ይሁን እያጨደ ያን ጩኸት ከሩቅ ሲሰማ "ዶክተሩ መጣ" ብሎ የታመመውን በሬ፣ ያልተከተበውን ጥጃ እየነዳ ወደ መንገድ ይወርዳል። እሱ ሲደርስ ከብቱ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል። መርፌውን ወግቶ፣ ጠላውን ቀምሶ፣ ወደሚቀጥለው ጋራ ነው።

"እኔ ከብት ፈልጌ አላውቅም። ከብቱ ነው እኔን የሚፈልገኝ" ይል ነበር እየኮራ።

ከዚያ የእናቴ ዐይን ደከመ። እናትና አባቴ የሚኖሩት ከገሳይ ወደ ጉና በኩል ታጥፎ፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ከፍታ ላይ ነው። እናቴ መንገዱ ቀርቶ የምድጃውንም ጠርዝ በዳበሳ ነው የምታገኘው። እኔ ደግሞ በደብረ ታቦር አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ያለኝ ቀን እሑድ ብቻ ነው። በመኪና ገሳይ ድረስ ሄጄ ዳገቱን በእግሬ ብወጣው በዚያው ቀን አልመለስም። ስለዚህ ተስፋዬ ሞተሩ ላይ ከባለቤቴ ጀርባ መቀመጥ ነበር። ሄጄ ጸጉሯን ላበጥርላት፣ የሳምንቱን ወሬ ልነግራት፣ ለሰኞ ትምህርት ልመለስ።

አሮጌው ሞተር ግን ሁለታችንን ዳገት አላወጣም አለ። ሜዳው ላይ እንደ ጎበዝ ይከንፋል፤ ዳገቱ እግር ሲደርስ ያቃስታል፣ ይንፈራገጣል፣ ይቆማል። እወርዳለሁ። እሱ እየጮኸ ይወጣና ጫፍ ላይ ይጠብቀኛል፤ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እያለከለኩ እደርሳለሁ። ሌላ ዳገት፣ ሌላ መውረድ። እናቴ ዘንድ የምንደርሰው የመመለሻ ሰዓት ሲቃረብ ነበር።

"በሞተር መጣሽ ወይስ ሞተሩን አምጥተሽው?" አለችኝ አንድ ቀን እናቴ፣ ላቤን በእጇ ዳብሳ።

ወደ መካኒኩ ወሰድነው። መካኒኩ ከገበያው በታች የሚሠራ፣ ደረት እንደሚመረምር ሐኪም ጆሮውን ሞተሩ ላይ አስደግፎ የሚያዳምጥ ሰው ነበር።

"ዶክተር፣ ይታደሳል" አለ። "ፒስተኑን እንቀይረዋለን፣ ፍሪሲዮኑን እንቀይረዋለን። እንደ ልጅ ያደርገዋል።"

"ሁለት ሰው ያወጣል?" አልኩ እኔ።

መካኒኩ ሞተሩን አየ፣ ባለቤቴን አየ፣ እኔን ደግሞ አይቶ ቶሎ ዐይኑን መለሰ። "ቲቸር፣ እግዜር ያሳይዎት፤ ይህ ሲፈጠርም ለአንድ ቀጭን ሰው ነው።"

ባለቤቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቤት ስገባ ነው የሳቅኩት።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር፤ ወይ አሮጌውን ማሳደስ፣ ወይ እሱን ሸጦ አዲስ መሳይ መግዛት። ሁለቱን ለማድረግ አቅም አልነበረንም። አሮጌው ከታደሰ እሱ ወዳጁን ያገኛል፣ እኔ እሑዴን አጣለሁ። በእራት ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ። እሱ ስለ ሞተሩ የሚናገረውን ያህል ስለ እኔ አንድም ቀን ሲናገር አልሰማሁም።

"በክረምት አፋፍ ላይ አንድም ቀን ጥሎኝ አያውቅም" ይላል።

"እኔስ ጥዬህ አውቃለሁ?"

"አንቺ ቤንዚን አትጠጪም፤ በዚህስ ትበልጭዋለሽ።"

በዚህ መካከል የአንበሳሜ አንድ ጨርቅ ነጋዴ የሚሸጥ ሞተር እንዳለው ሰማን። ባለቤቴ የሰውየውን በቅሎ አንድ ጊዜ ከሞት መልሶለታል። ነጋዴው ቁልፉን አውጥቶ እጁ ላይ አስቀመጠለትና "ዶክተር፣ እኔና አንቱ አንከራከርም። ይዘውት ይሂዱ፤ ይህንንም እሑድ፣ የሚቀጥለውንም እሑድ ይንዱት። ሰኞ ወይ ሞተሬን ወይ ሒሳቡን ያምጡልኝ" አለው።

ቀይ ነበር፣ አዲስ ሊባል ምንም አልቀረው። መቀመጫው ግን ወደ ኋላ ከፍ እያለ የሚሄድ፣ የቤት ክዳን የመሰለ ነገር ነው። እኔ እንደ ከተማው ሴት ሁሉ በቀሚስ በጎን ነበር የምቀመጠው። ከደብረ ታቦር ስንወጣ መንሸራተት ጀመርኩ። ገሳይ ሳንደርስ ሁለት ጊዜ ወርጄአለሁ፤ አንዱ በፈቃዴ አልነበረም። አፈሩ ለስላሳ ስለነበር ከኩራቴ በቀር የተጎዳ የለም። ድንች የጫነች አህያ የሚነዱ ሴትዮ ቆመው አዩንና "አንተ ሰው፣ ጭነትህን አጥብቀህ እሰር እንጂ!" ብለው አለፉ።

ባለቤቴ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ ጉና አዞረ። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቴ ሁልጊዜ የሚያወራው ነገር ያኔ ትዝ አለኝ። እናቴ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ታጥቃ፣ በቅሎዋ ላይ እግሯን ግራና ቀኝ አድርጋ እንደ ወንድ ተቀምጣ ነው የገባችው። "እናቴ ያላፈረችበትን እኔ ምን ቤት ነኝ?" አልኩ። ባለቤቴ ለዝናብ የሚይዘውን ሰፊ ሱሪ ከቦርሳው አስወጣሁት፤ ከቁጥቋጦ ጀርባ ገብቼ ከቀሚሴ ሥር አጠለቅሁት፤ እግሬን ግራና ቀኝ አድርጌ ጉብ አልኩ።

"እመቤቴ፣ ተመቸዎት?" አለ።

"ንዳ!"

ነዳ። የመጀመሪያውን ዳገት ስንጀምር ከልማድ ለመውረድ ተዘጋጅቼ ነበር። ሞተሩ አላቃሰተም፣ ማርሽ ቀየረ፣ ወጣ። ሁለተኛውንም ወጣ። ገብሱ ከግራ ከቀኝ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ነፋሱ ነጠላዬን ሲነጥቀኝ፣ ወገቡን ይዤ እንደ ተማሪዎቼ ጮህኩ። አገሬን ሳላለከልክ ያየኋት ያን ቀን ነው። ገና ቅዳሴ ሳይወጣ እናቴ ደጃፍ ደረስን።

እናቴ ግን ደነገጠች። "ማነው? ማነው?" እያለች ወደ ግድግዳው ተጠጋች። በፊት አሮጌው ሞተር ገና ከሥር ሲጮኽ ስለምትሰማ ጸጉሯን ፈትታ ትጠብቀኝ ነበር። አሁን ያለ ድምፅ እንደ ሌባ ነበር የገባነው።

ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ሰኞ ነው የገባኝ። ባለቤቴ በቀዩ ሞተር ሥራ ሄዶ ሲመለስ መድኃኒቱ እንዳለ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ማንም ወደ መንገድ አልወረደም። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ አንድ ገበሬ ከሩቅ በእግሩ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ፤ የምትታለብ ላሙ አብጣ ነበር።

"ዶክተር፣ በምን አስቀየምንህ?" አለው። "በደጃፌ አልፈሃል አሉ። አልፈህ!"

ባለቤቴ ምሳውን ትቶ ከሰውየው ጋር ሄደ። ላሟ ዳነች፤ እሱ ግን ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"ይህችስ ላም አገኘችኝ። ሰውየው ባይመጣ ኖሮ?" አለ። ቆይቶ፣ "አንቺ፣ ነገ መልሼው አሮጌውን አሳድሳለሁ። እናትሽ ዘንድ በሌላ መንገድ እናስባለን።"

ሌላ መንገድ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም የእናቴ ጸጉርና የሰው ላም በአንድ ሚዛን እንደማይቀመጡ አውቃለሁ። ልቤ ግን እምቢ አለኝ። ዳገቱን አንዴ በሞተር የወጣች ሴት በእግሯ መውጣት ይከብዳታል።

"ሞተሩ ዝም ካለ አንተ ጩህ" አልኩት።

"እኔ?"

የእሱን ጠባይ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል። በሠርጋችን ቀን እንኳ "እሺ" ያለውን የሰማሁት እኔና አጠገቡ የነበረው ሚዜ ብቻ ነን። ሰው ፊት ድምፁን ከፍ ካደረገ ጆሮው ይቀላል።

"አዎ፣ አንተ። እሑድን እንሞክርና ሰኞ ትመልሰዋለህ።"

እሑድ ከገሳይ በላይ ያለው የመጀመሪያው ጋራ ጫፍ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አቆመ። ዙሪያውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። ጆሮው ከወዲሁ ቀልቷል። ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ባለ በሌለ ኃይሉ፦

"ኧረ ሰዎች! ኧረ ኑ! ድረሱ!"

ድምፁ ትልቅ ነበር። እኔም አላውቀውም ነበር። ጋራው መለሰለት።

ሰዎቹም መጡ። በእኛ አገር ከጋራ ላይ "ድረሱ" ተብሎ ከተጮኸ ወይ ቤት እየነደደ ነው፣ ወይ ከብት ተነድቷል፣ ወይ ሰው ተገድሏል። አንዱ ዱላ ይዞ፣ አንዱ መጥረቢያ ይዞ፣ አንድ ሰው ምንሽሩን እያቀባበለ፣ ሴቶቹ ለእሳቱ ውኃ በእንስራ አዝለው ከየአቅጣጫው ዳገቱን ይወጡ ጀመር። ከብት ይዞ የመጣ የለም።

"የት ነው? የት ገቡ?" አለ ባለ ምንሽሩ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

"ማ... ማንም አልገባም" አለ ባለቤቴ።

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

"ክትባት ነው። የ... የአባ ሰንጋ ክትባት።"

ነጭ ጢም ያላቸው አንድ አዛውንት መጀመሪያ እሱን አዩት፤ ከዚያ እኔን፣ ከቀሚሴ ሥር የወጣውን ሱሪ አዩ። "ዶክተር፣ አሁንስ ሁለታችሁም አስፈራችሁኝ" አሉ። እንስራ ያዘለችው ሴት ናት መጀመሪያ የሳቀችው፤ ውኃው ጀርባዋ ላይ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ባለ ምንሽሩ ጥይቱን እያወጣ "ቁርሴን ጥዬ ነው የወጣሁት፤ ካሣ አለብህ" እያለ ይሳደባል።

አዛውንቱ ግን ነገሩን ሲሰሙ አሰቡበት። "ድረሱ ለእሳት ነው። ለመርፌ አይጮኹም፣ ይዘፍናሉ እንጂ። ዝፈን፣ እንወርዳለን" አሉት።

"ዘፈን አላውቅም፣ አባቴ።"

"አንድም?"

እውነቱን ነበር። ዘፈን ሲጀምር ሁለተኛው ስንኝ ላይ ይጠፋበታል። እኔ ከኋላው "ፊደሉን በል" አልኩት። እኔ ለተማሪዎቼ በዜማ የማስቆጥረውን ፊደል ማታ ማታ ቤት ውስጥ ስለማመድ ሲሰማ ኖሯል፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያውቀው እሱን ብቻ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ ዱላቸውን ተደግፈው እያዩት፣ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ጀመረ። ሀ ሁ ሂ ሃ። ዜማው ከመንገድ የወጣ ነበር፤ ድምፁ ግን ሸለቆውን ሞላው። ከማዶው ጋራ ላይ በግ የሚጠብቁ ልጆች ሳይነገራቸው ተቀበሉት፦ ሄ ህ ሆ!

የሚቀጥለው ጋራ ላይ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበር። አንዲት ሴት ፍየሏን እየጎተተች መንገድ ዳር ቆማለች።

ሰኞ ለአንበሳሜው ነጋዴ ሒሳቡን ይዞለት ሄደ። አሮጌውን መካኒኩ ገዛው፤ "ለአንድ ቀጭን ሰው እሸጠዋለሁ" አለኝ በሩ ላይ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ እስከ ጡረታው ድረስ ፊደል እየዘመረ ከብት ከተበ። ሰዉም በፊደሉ ይቆጥርለት ጀመር፤ "ዶክተሩ 'መ' ላይ ናቸው፣ በሬውን ፍቱ፤ 'በ' ሳይሉ ይደርሳሉ" ይባባላሉ። ቤት ግን እንደ ድሮው ዝምተኛ ነበር። አሁን ቤቱ ዝም ሲል ያ ዝምታ ከእሱ ዝምታ የተለየ መሆኑን አውቃለሁ። የእሱ ዝምታ ሰው ነበረበት።

እናቴም እሑድ እሑድ ከሩቅ እየሰማችን ጸጉሯን ፈትታ ትጠብቀኝ ነበር። ትምህርት ቤት ረግጣ አታውቅም። አማቿንም ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ "አንቱ" ነበር የምትለው፣ እሱም እንዲሁ። አንድ እሑድ ደጃፏ ላይ ደርሰን፣ እሱ ገና ሞተሩን ሳያቆም፣ ከውስጥ ሆና ተጣራች፦

"ጌታዬ፣ ዛሬ 'ኘ'ን የት ጥለዋት መጡ?"

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አላስተዋልኩም ነበር።

"ገሳይ ላይ ሳትወድቅ አትቀርም፣ እማማ" አላት።

"በሉ ተመልሰው ያምጧት። እኔ ሳልጨርስ ጸጉሬን አላስነካም።"

አልተመለሰም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ከ"ነ" ጀምሮ አወጣላት። እሷም በዳበሳ የበሩን መቃን ይዛ፣ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ፣ እስከ "ፐ" ድረስ አብራው ቆጠረች።