የቀይዋ መኪናችን ሚኒሞ

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር የቆመች አሮጌ መኪና የሞተሯ ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ባለቤቴ ገና አፌን ሳልከፍት «አንቺ ዝም በይ» አለኝ።

በደርግ ጊዜ ባለ ሁለት ወንበር ቀይ ስፖርት መኪና ነበረችን። ከጅጅጋ ስንመለስ የጉምሩክ ኬላው ላይ እንዲሁ ሚኒሞዋ፣ ቆማ ሞተሯ የሚዞርበት ፍጥነት፣ አስቸገረ። አንዴ ትጮኻለች፣ አንዴ ልትጠፋ ትደርሳለች።

ፈታሹ ምንም አላገኘም፤ «እለፉ» ብሎናል። እኔ ግን መኪናዋ አሳዘነችኝ።

«ወንድሜ፣ መኪና ታውቃለህ? እስቲ እያት» አልኩት።

ኮፈኑን ከፈተና ከአየር ማጣሪያው ውስጥ ሐምራዊ የቀሚስ ጨርቅ መዘዘ። ባለቤቴ ሳይነግረኝ ለእኔ ገዝቶ እዚያ የደበቀው ኮንትሮባንድ ነው። ያኔ ያሳስር ነበር።

ደግነቱ ፈታሹ ጨርቁን ብቻ ወርሶ «አሁን ትተነፍሳለች» ብሎ ሸኘን።

እውነትም ሞተሩ ረጋ። ባለቤቴ ግን ድሬ እስክንገባ በረጅሙ እየተነፈሰ ነዳ።

እናንተስ፣ ደግ አስባችሁ ያስወረሳችሁት ነገር አለ?