ካርድዎን ያሳዩ

ያ ጨዋታ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሰው በስንት ትልቅ ነገር ይናደዳል፤ እኔ ካርቶን ላይ በተሳለ ባሕር እናደዳለሁ። የሚስቅብኝ ይሳቅ፣ ግን መጀመሪያ ይስማኝ።

ያኔ አቃቂ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምር ነበር። የሰፈራችን ወጣት ማዕከል ከፑልና ከጆተኒ ሌላ ምንም የሌለው ቤት ነው። አንድ ጊዜ ሊጎበኙት የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ሦስት ዓይነት የገበታ ጨዋታ፣ ከየዓይነቱ አምስት አምስት ሳጥን ሰጥተው ሄዱ። እንደ ዳማ፣ እንደ ቼዝ አንዱ ሌላውን የሚረታባቸው አይደሉም። ተጫዋቾቹ ሁሉ በአንድ ወገን ናቸው፤ ወይ አብረው ያሸንፋሉ ወይ አብረው ይሸነፋሉ። የሚገጥማቸው ጨዋታው ራሱ ነው። የማዕከሉ ኃላፊ አስጠራኝና «ቲቸር፣ አንቺ እንግሊዝኛውንም ሒሳቡንም ትችይዋለሽ። እቤት ወስደሽ ሞክሪያቸውና ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብለሽ መድቢልን። የወጣቶች ቀን ላይ እናስመርቃቸዋለን» አለኝ። ጨዋታ እንደሚመረቅ ያኔ ነው የሰማሁት።

እቤት ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። አባቴ ዕድሜውን በባቡር ጣቢያ የጨረሰ ሰው ነው፤ ሥራው ከወዲያኛው ጣቢያ ጋር በስልክ እየተነጋገረ ባቡር መልቀቅና ባቡር ማቆም ነበር። ባቡሩ ሲቆም እሱም አብሮ ቆመ። ጠዋት ጠዋት ሐዲዱ ድረስ ይሄድና ሣር የበቀለበትን አይቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ከ«እህ»ና ከ«ተመስገን» ሌላ ቃል አይወጣውም። እናቴ ስትሞት እንኳ እንደዚያ አልሆነም ነበር። ሰዎች ሊያጽናኑኝ «ዝም አይነቅዝም» ይሉኛል። የእኔ አባት ግን ዝም ብሎ እየነቀዘ ነበር፤ በዓይኔ አየው ነበር።

ጨዋታዎቹ ቢያንስ ሦስት ሰው ስለሚፈልጉ ጎረቤታችንን እትዬን ጨመርን። እትዬ ማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ኪዮስካቸው የጠያቂዎችን ሞባይልና ቦርሳ እየተቀበሉ የሚያስቀምጡ፣ ሰው ፈርተው የማያውቁ ሴት ናቸው። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛውን ከበን እንቀመጥ ጀመር።

የመጀመሪያው የፍየሎች ጨዋታ ነው። ዝናቡ ሳይደርስ ፍየሎቹን ሁሉ ወደ በረት ማስገባት፤ በቃ። ዳይስ ትጥላለህ፣ የወጣልህን ያህል ትነዳለህ። ሦስት ጊዜ ተጫውተን ሦስቴም አሸነፍን። እትዬ «ይኼማ ዳይሱ ነው የተጫወተው፤ እኛ ምን ሠራን?» አሉ። ቀላል ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛው የጎርፍ ነው። ወንዝ ሞልቶ መንደር ሊበላ ይመጣል፤ ሰዎቹን በድልድይ ማሻገር አለብን። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ሙያ አለው፤ አንዱ ድልድይ ይጠግናል፣ አንዱ ሁለት ሰው በአንዴ ያሻግራል፣ አንዱ ውኃውን ለአንድ ዙር ይገድባል። የአቃቂ ወንዝ ክረምት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለምናውቅ ሰዎች ቀልድ አይደለም። አራት ጊዜ ተሸነፍን። በአምስተኛው ጊዜ ወረቀት አውጥቼ የሚሆነውን ሁሉ አሰላሁና «አባዬ አንተ እዚህ ሂድ፣ እትዬ እርስዎ ድልድዩን ይጠግኑ» እያልኩ አሸነፍን። ደስ ብሎኝ ከባድ ብዬ ልጽፍ ስል አባቴ አፉን ከፈተ።

«እሱ ከባድ አይደለም፣ ብዙ ነው» አለ።

«እንዴት?»

«ሁሉም ነገር ገበታው ላይ ተዘርግቷል። የሚያሰላ አንድ ሰው ካለ ይበቃል። አንቺ ነገርሽን፣ እኛ አነሳን አስቀመጥን። እኔና እሳቸው ብንተኛ ኖሮ ምን ይጎድልብሽ ነበር?»

በስንት ወር አንዴ የሰማሁት ረጅም ንግግር ይኼ ነበር። ትችቱ አልተሰማኝም፤ ድምፁ ነው የተሰማኝ። እትዬም ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ።

ሦስተኛው መርከብ ነው። መርከቧ በጉም ውስጥ ወደ ወደብ ትሄዳለች። ፊቷ ያለው ባሕር በካርዶች ተከፋፍሎ ለሁሉም ታድሏል፤ አንዱ ካርድ ንጹሕ ውኃ ነው፣ አንዱ ትንሽ ድንጋይ፣ አንዱ ትልቅ ድንጋይ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካርዶች ብቻ ያያል፤ ለሌላ ሰው ማሳየት ክልክል ነው፣ ማውራትም ክልክል ነው። የሚፈቀደው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ጠብቅ»። እሱም ለአንድ ሰው ሦስት ጊዜ ብቻ። አንድ ሰው ጠብቅ ባለ ቁጥር መርከቧ መንገድ ትቀይራለች፤ ግን ከመብራቶቿ አንዱ ይጠፋል። መብራቱ ካለቀ ሁሉም ይሰጥማል። ጠብቅ የሚል ከሌለ መርከቧ ወደፊት ትገፋለች፣ ፊቷ ያለውን ካርድ የያዘው ሰው ገልጦ ያስቀምጣል፤ ትንሽ ድንጋይ ሁለት ጊዜ ትችላለች፤ ትልቅ ድንጋይ አንድ ጊዜ ከነካት አለቀ።

እኔ ማስያ ወረቀቴን ይዤ ቀረሁ። ምኑን ላስላ? የማላየውን? ትንሹን ድንጋይ ዝም ብሎ ማሳለፍ ይሻላል ወይስ መብራት ማጥፋት? እትዬ ዝም ያሉት ንጹሕ ውኃ ይዘው ነው ወይስ ቃላቸውን ቆጥበው? በዝምታና በዝምታ መካከል ያለውን ልዩነት ማንበብ አለብህ። አምስት ጊዜ ሰጠምን። አባቴ ግን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ ነበር።

«ይኼ የእኛ ሥራ ነው!» አለ። «ሄያጁም መጪውም ባቡር በአንድ ሐዲድ በሚያልፍበት ነጠላ መስመር ላይ እኮ እኔ የማየው የራሴን ጣቢያ ብቻ ነው። ወዲያ ያለው ሰው ‹ባቡሩን ያዝ› ካለኝ ለምን አልለውም። እሱ የሚያየውን እኔ አላየውም። አምነዋለሁ፣ እይዛለሁ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ይህንን ነው።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው! ስለ ጣቢያዎቹ፣ ስለ ስልኩ፣ በዝናብ ቀን ስለያዘው ባቡር እየነገረን እራት ሰዓት ድረስ አመሸን። በሚቀጥለው እሑድ ወደቡ ደረስንና እትዬ እልል አሉ። ወረቀቴን አውጥቼ የጎርፉን ወደ መካከለኛ አወረድኩት፣ የመርከቡን ከባድ አልኩት። ጎርፉ በምርጫ ብዛት ይበልጣል፤ መርከቡ ግን አንድ ሰው ብቻውን ሊጫወተው አይችልም። ጥልቀት ማለት ያ ይመስለኛል፤ ዛሬም ይመስለኛል።

አባቴ ውጤቱን አነበበና ጉሮሮውን ጠራርጎ «የወጣቶች ቀን ላይ እኔ ባስረዳቸውስ?» አለኝ። እንደ ልጅ አፈረ። ለኃላፊው ነገርኩት፤ «በጣም ጥሩ! የልምድ ልውውጥ ይሆናል» አለ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ተለማመደ። ጢሙን ተላጨ፣ ጫማውን ቦረሸ፣ የሥራ ዘመኑን ኮት አስተኮሰኝ። ወደ ሐዲዱ መሄዱን እንኳ ተወ። ሰው ሊጠይቀው ነው፣ እሱ ሊመልስ ነው። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ቀኑ ደረሰ። ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ባነር። ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ለአምስት ነበር፤ ሥራውም ጥናቱም በአምስት በአምስት ሰው ይደራጃል፣ ለአምስቱ አንድ መሪ ይሾማል። ኃላፊው የጨዋታው ሳጥን ላይ «እስከ አምስት ተጫዋች» የሚለውን ሲያይ ለእሱ የተጻፈ መሰለው። አምስት አምስት ሰው በየጠረጴዛው አስቀመጠና በየጠረጴዛው ራስ ላይ አንድ አንድ መሪ አቆመ። መሪው ካርድ የለውም። ካርድ ሳይኖረው ይመራል። ወይ ጉድ!

አባቴ ማይክ ተሰጠው። «በጉም ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን አያይም…» ብሎ ጀመረ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ኃላፊው ማይኩን ከእጁ ወሰደ። «አባታችንን እናመሰግናለን፤ ሰዓት የለንም። አንድ ማስተካከያ ብቻ፦ እዚህ ላይ ካርድ መደበቅ የሚል አለ። እኛ የምናራምደው ግልጽነትና ተጠያቂነት ነው። ሁሉም ካርዱን ለመሪው ያሳይ!»

እግዜር ያሳያችሁ። ሰው ሁሉ ካርዱን ገለበጠ። መሪዎቹ አይተው ጣታቸውን መቀሰር ጀመሩ፣ መርከቦቹ እንደ ታክሲ ይነዱ ጀመር፣ ጭብጨባ በየጠረጴዛው። አባቴና እትዬ የተቀመጡት ኃላፊው ራሱ የሚመራው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ «ሞዴል ቡድን» ተብሏል። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ እዚያው ጫፍ ላይ እስክሪብቶ ይዣለሁ።

አባቴ ካርዶቹን ደረቱ ላይ ለጠፈ።

«ካርድዎን ያሳዩ አባታችን» አለ ኃላፊው።

«ካሳየሁማ ምን ጨዋታ ቀረ ልጄ? ሕጉ አይፈቅድም።»

ኃላፊው ፈገግ ብሎ ተወው፤ በአራቱ ሰዎች ካርድ ብቻ መንዳት ጀመረ። መርከቧ ትንሽ እንደሄደች አባቴ «ጠብቅ» አለ። «እንቀጥል» አለ ኃላፊው። አባቴ ድጋሚ «ጠብቅ» አለ። «አባታችን፣ ሌሎቹ ቀደሙን እኮ!» ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ቃሉን አወጣ፦ «ጠብቅ!» ኃላፊው በገዛ እጁ መርከቧን ገፋት። አባቴ ካርዱን አስቀመጠ። ትልቅ ድንጋይ። ሞዴሉ ቡድን ሰጠመ።

እዚህ ላይ ያበቃል ብላችሁ ነው? ግምገማ አለ እንጂ! ጨዋታ ተጫውተን ግምገማ ተቀመጥን። ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደኛ አዞረ። «ለመስጠማችን መንስኤው ምንድን ነው?» አለ ኃላፊው። ራሱ መለሰው፦ «መረጃ መደበቅ ነው።»

«ኧረ ልጄ፣ ሦስቴ ጠብቅ አሉ እኮ!» አሉ እትዬ ብድግ ብለው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንተ መልቀሙንም ለእሳቸው ተውክላቸው!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። «ሥነ ሥርዓት እማማ!» አለ ኃላፊው ፊቱ ቀልቶ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ፣ «አባታችን፣ ሂሱን ይቀበላሉ?»

አባቴ ወደ እኔ አየ። ወደ ኃላፊው አይደለም፣ ወደ እትዬም አይደለም። ጨዋታውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም፤ ከባድ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ለምን ከባድ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። እኔ ወረቀቴን አየሁ። ፈራሁ። ምን እንደፈራሁ ዛሬ ብትጠይቁኝ በቅጡ አልመልስላችሁም፤ ሁላችንም የምንፈራውን ነገር ፈራሁ።

«ይሁን፣ እቀበላለሁ» አለ አባቴ።

ጻፍኩት። «አንድ አዛውንት አባል መረጃ በመደበቃቸው ቡድኑ ለውድቀት ተዳርጓል፤ ሂሱንም ተቀብለዋል።» ተራ ቁጥር ሁሉ አደረግሁለት።

ኃላፊው ቀጥሎ «ቲቸር፣ የመርከቡን ጨዋታ ቀላል በይው፤ ሌሎቹ አራት ቡድኖች በአሥር ደቂቃ ጨርሰውታል» ሲለኝ ያኔ ጮህኩ። አዎ፣ ያኔ! «ቀላል አይደለም! ካርድ ገልጣችሁ እንዴት ቀላል ከባድ ትላላችሁ? ጨዋታውን እኮ አልተጫወታችሁትም!» አልኩ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ተከራከርኩ። ድምፄ ተዘጋ። በመጨረሻ መካከለኛ ተብሎ በስምምነት አለፈ። ለካርቶን ሳጥን ሩብ ሰዓት ስከራከር አባቴ ኮቱን ይዞ ከድንኳኑ ወጥቶ ነበር።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ሥራ ሄድኩ። ምን ነክቶኝ እንደተውኩት እንጃ፤ አባቴ ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ መነጽሩን አድርጎ የሚያነብ ሰው መሆኑን እያወቅሁ። ስመለስ ወረቀቱ እጥፍጥፍ ተደርጎ ተቀምጧል።

«ጽሕፈትሽ አምሯል» አለኝ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሐዲዱ መሄዱን እንደገና ጀመረ።

በዚያ ኃላፊ ላይ ስንት ዓመት ተናድጃለሁ! ሳሪስ ታክሲ ውስጥ አንድ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዙሬበታለሁ። ይገባዋል። ግን በእሱ መናደድ ይቀለኛል፤ እሱ ጨዋታውን አያውቀውም ነበር።

እሑድ ሲደርስ እትዬ እንደ ወትሮው መጡ። ሳጥኑን እኔ አወጣሁት። ይቅርታ ማለት ስላቃተኝ ባሕሩን ዘረጋሁ፣ መብራቶቹን ደረደርኩ፣ ካርድ አደልኩ። አባቴ እንቢ አላለም፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፣ ካርዶቹን አንስቶ አየ። ትንሽ ተስፋ አደረግሁ።

ከዚያ አንድ በአንድ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ይኸው» አለኝ። «ወዴት እንግፋት?»