«በክፍያ» የተጻፈበት በር

ልጄ ሥራዋን ልትለቅ እንደሆነ የነገረችኝ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሰው መሀል ስለሆንን እንደማልጮህባት ታውቃለች። ማኅበራዊ ሥራ ተምራ፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ተፈናቃይ እናቶችንና ልጆችን ስትደግፍ ነው የቆየችው። አሁን ግን ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ሆነው የራሳቸውን ሊጀምሩ ነው፤ ፋብሪካ የሚሠሩ እናቶችን ልጆች እያስከፈሉ የሚያውሉበት ቤት።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም። ደመወዝ ማለት ለእኔ ክረምት ከበጋ የማይዘጋ በር ነው። ደግሞም የሰው ልጅ አደራ ነው። ቢወድቅስ? ምግብ ቢያንቀውስ? የማናውቀው ሰው መጥቶ ቢወስደውስ? ይኼን ሁሉ እስከ መናኸሪያው ድረስ በጆሮዋ አንሾካሾክሁባት። ሰምታ ሰምታ፣ የምፈራውን ሁሉ እዚያው ውዬ እንድጠብቅላት ጠየቀችኝ። እምቢ ልል አሰብሁና፣ እኔ ከሌለሁ ማን ሊያይላት ነው የሚል ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። እሺ አልሁ።

ኮምቦልቻ ውስጥ የተከራዩት ቤት ሁለት ክፍልና ትንሽ ግቢ ነበረው። እኔ የሶኬቶቹን ቀዳዳ በፕላስተር አሸግሁ፣ የውሃ በርሜሉን ክዳን በገመድ አሰርሁ፣ መድኃኒትና ሳሙናውን ልጅ የማይደርስበት ሰቀልሁ። እነሱ ታፔላ አጻፉ፦ «የሕፃናት መዋያ ድርጅት»። ማናችንም ክፉ ነገር አላየንበትም።

በማግሥቱ ስንደርስ በሩ በሰው ተከቧል። ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም መታወቂያውን በእጁ ይዟል። ነጋዴውም ድርጅት አለኝ ይላል፤ ተቸግሮ ለኖረ ሰው ግን ድርጅት ማለት ምዝገባ፣ ዘይትና ዱቄት ነው። ልጄን ደግሞ ለእርዳታ ስትመዘግብ ያውቋታል።

አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ስማቸውን አስቀድማ እንድትይዝላቸው ለመኗት። እርዳታ እንዳልሆነ፣ ልጅ የሚውልበት፣ የሚከፈልበት ቤት እንደሆነ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው።

«አንች ልጅ፣ እንዲህ እያላችሁ አይደል ለዘመድ የምትሰጡት?» አሉና ሰውን አሳቁት።

በዚህ መሀል የፋብሪካ ጋዋን የለበሰች ወጣት እናት ሴት ልጇን አዝላ መጣች። መጀመሪያ የተነጋገርነው ከእሷ ጋር ነበር፤ ለሥራ ጓደኞቿ የምትነግርልንም እሷ ናት። ሰልፉን አየች፣ ታፔላውን አየች፣ ቆመች።

«እኔ ሠርቼ ነው የማድር» አለቻት ልጄን። «ልጄን የእርዳታ ልጅ አላስብላትም።»

ዞራ ሄደች። ሰልፉም ፀሐይ ሲሞቀው እያጉረመረመ ተበተነ። አንድም ልጅ ሳይመጣ ቀትር ሆነ። ባልደረባዋ በለቀቁት መሥሪያ ቤት በቦታቸው ገና ሰው እንዳልተቀጠረ ሰምታ ነበርና፣ እኔ ይኼን ይዤ ልጄን ተመለሽ ተመለሽ አልኋት። እሷ ግን ወጣ ብላ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ገዝታ መጣች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ «ድርጅት» የሚለውን ደፍና በላዩ «በክፍያ» ብላ ጻፈች።

አፈርሁ። ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ያለ ዋጋ በሚያውልበት አገር እንዲህ ያለ ነገር በር ላይ ይጻፋል ወይ? ሰው ምን ይለናል አልኋት።

ከወንበሩ ሳትወርድ፣ «እማ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እርዳታ ሳድል አንድ እናት ተቆጥታኝ አታውቅም» አለችኝ። «ዱቄቱ ሻግቶ እንኳ መርቀውኝ ነው የሚሄዱ። ልጁን የሚሰጠኝ ሰው ግን መቆጣት መቻል አለበት። የከፈለ ነው የሚቆጣ።»

ፈረቃው ሲወጣ ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ያችን እናት ጠበቀቻት። ልመና እንዳይመስልብን ፈርቼ ተከተልኋት። ልጄ ግን አልለመነችም። ስለ ጠዋቱ ይቅርታ ጠየቀች፣ ታፔላው መቀየሩን ነገረቻት፣ መጥታ ቤቱን እንድትፈትሽና ያልወደደችውን እንድትናገር ጋበዘቻት።

መጣች። ጎረቤት ትታት የዋለችውን ልጇን እንዳዘለች ሁለቱንም ክፍል ዞረች፣ ፍራሾቹን አገላበጠች፣ ውሃው የፈላ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ግቢው ውስጥ ያለውን የድንጋይ ደረጃ በእግሯ ነካ ስታደርገው ተነቃነቀ።

«ይኼማ ልጅ ይገላል! እንዴት አላያችሁትም?»

ያን ሁሉ ቀዳዳ ስደፍን ስመላለስበት የነበረ ደረጃ ነው። አበቃልን አልሁ በልቤ። የልጄ ፊት ግን ከጠዋት ጀምሮ ያን ጊዜ ነው የበራው። ነገ ሳትመጣ እንደሚስተካከል ነገረቻት።

«ካልተስተካከለ አልሰጥም» አለች ሴትዮዋ።

ሳይመሽ በባጃጅ ጠጠርና አፈር አስመጣን። እኔ አፈር እያቀበልሁ፣ ሁለቱ የተማሩ ልጆች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ድንጋዩን ነቅለው ተዳፋት አድርገው ደለደሉት። በየመሀሉ ዘልዬ እየረገጥሁ እፈትነው ነበር፤ ሳቁብኝ።

ጠዋት ሴትዮዋም መጥታ እንደ እኔ ረገጠችው። ከዚያ አንቀልባዋን ፈታች። ልጅቷን ተቀብዬ ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደሚያስደነግጣት፣ ማን ሊወስዳት እንደሚመጣ ጠየቅኋት። ከእሷ በቀር ማንም እንደማይመጣ ነገረችኝ። አባቷ ቢመጣስ አልሁ። አባቷም ቢሆን፣ እሷ ሳትደውል ልጅቷ እንዳትሰጠው አዘዘችኝ።

«በምሳ ሰዓት ሳልነግራችሁ እመጣለሁ» አለች፣ እየዛተች።

ልጅቷ እያለቀሰች ትከሻዬን ነከሰችኝ።

«ነይ፣ የኔ እናት» አልኋት እናቷን። «ባሰኘሽ ሰዓት ነይ።»