የሚነዝረው ግመል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቡድን መሪያችን መሰላል አሸክመው ገበያው አጠገብ ወዳለ ምሰሶ ወሰዱኝ። በጅግጅጋ የመንገድ መብራት ጥገና ቡድን ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት ነበርኩ። ማዕረጌ «ረዳት ኤሌክትሪሽያን» ይላል። ጫት ሻጮቹ፣ ባለ ባጃጆቹ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ያዩኝ ጀመር። መብራቱን ያየ ሰው አልነበረም።

የቡድን መሪው ፋራህ ይባላሉ። እኛ «አደር ፋራህ» ነበር የምንላቸው፤ አደር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ከመውጣቴ በፊት ምሰሶው ሥር ያለውን ሣጥን ከፍተው ፊውዙን አወጡና መዳፌ ላይ አኖሩት።

«ኪስሽ ክተቺው» አሉኝ። «ለሥራ ፊውዝ የሚነቀል ከሆነ፣ ፊውዙን ሠራተኛው ኪሱ ይይዘዋል። ራሱ እስኪመልሰው ድረስ ማንም አምጣ አይለውም። አለቃም ቢሆን።»

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አንድ ጓደኛዬ ምሰሶ ላይ ሳለ ሱቁ የጨለመበት ነጋዴ ፊውዙን አንስቶ መለሰው» አሉ።  በቡድናችን የተጻፈ ደንብ ብዙ ነበር፣ የሚከበረው ግን ይሄ ያልተጻፈው ነው።

እኔ የጅግጅጋ ልጅ ነኝ። አያቴ ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ አባቴ እዚሁ ጸሐፊ ሆኖ ጡረታ ወጣ። ሶማልኛዬ የገበያ ሶማልኛ ነው፤ ዋጋ ለመከራከርና ለመጣላት ይበቃል። ከአደር ፋራህ ጋር ስድስት ዓመት ሠራሁ። ከረዳትነት ወደ ኤሌክትሪሽያን አንድ፣ ከዚያ ወደ ኤሌክትሪሽያን ሁለት አደግሁ። ሰው ሲያጥራቸው ወደ ወረዳ ከተሞችም እንላክ ነበር።

ኤረር ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የኬብል መጋጠሚያ በናስትሮ ፋንታ በፌስታል ተጠቅልሎ አገኘሁ። ባለቤቱን ምንድን ነው ይሄ ብዬ ስጠይቀው «ናስትሮ አልቆ ነው» አለኝ። መቼ አለቀ? «የዛሬ ሦስት ዓመት።» እንዲህ ዓይነቱን ሰው ቆሜ ሰድቤው፣ ሠርቼለት እመለሳለሁ። ሰውየው መብራት አያውቅም፤ ስላላወቀ ብዙም አልፈርድበትም። የምጣላው አውቆ ከሚያጠፋው ጋር ነው።

ከዚያ የብርሃን ትርኢቱ መጣ። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ማታ ማታ በከተማው መናፈሻ ውስጥ በመብራት የተሠሩ የጥበብ ሥራዎች ለሕዝብ እንዲታዩ ተወሰነ። ሥራውን ከሌላ ከተማ የመጣ ድርጅት ወሰደው። የኛ ድርሻ ከምሰሶው እስከ ማከፋፈያው ሣጥን ኬብል መዘርጋት ብቻ ነበር። አደር ፋራህ የመስመሩን ንድፍ እንዲያሳዩን ጠየቁ። የድርጅቱ አስተባባሪ ጥቁር መነጽር ግንባሩ ላይ የሰካ ሰው ነው።

«እናንተ መብራቱን አምጡልን፤ ጥበቡን ለኛ ተዉት» አላቸው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ግመል ነበር። በፌሮ ብረት ተበይዶ የተሠራ፣ ቁመቱ ሁለት ሰው የሚያህል፣ ከአንገቱ እስከ ጭራው የመብራት ገመድ የተጠመጠመበት። ሣሩ ውስጥ እንዳይሰምጥ እግሮቹን ጣውላ ላይ አቁመውታል። አደር ፋራህ ዙሪያውን ሄደው አዩት።

«ኧርዝ የታለ?» አሉ። «ከብረቱ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ አላየሁም።»

«አራት እግሩም መሬት ላይ ነው» አለ አስተባባሪው፣ አብረውት የመጡትም ሳቁ። አደር ፋራህ አልሳቁም። በማግስቱ ለጽሕፈት ቤታችን ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣም።

በሁለተኛው ማታ ተረኛ ነበርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ትርኢቱ ያምር ነበር። ከውሃ መያዣ ላስቲክ የተሠሩ ፋኖሶች ግራሮቹ ላይ ተንጠልጥለዋል። ግድግዳ ላይ የሶማሌ ምንጣፍ ጥለት በብርሃን እየተሸመነ ይፈታል። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሰዉ ግን ቤተሰቡን ይዞ ጋቢና ፎጣ ደርቦ መጥቷል። ከተማዬን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም፣ ደስ አለኝ። መሣሪያ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ እንደ ጎብኚ እየተንሸራሸርኩ ግመሉ ጋ ደረስኩ።

ግመሉ ፊት ሰልፍ አለ። ፎቶ የሚነሱ መስሎኝ ነበር። ፊት ያለው ሰው የግመሉን እግር ይይዝና ይጮኻል፤ ከኋላ ያሉት ይስቃሉ፤ ቀጣዩ ይጠጋል። ጉልበታቸውን በእጃቸው ያሹ የነበሩ አንዲት አሮጊት ሰልፉ መሐል ቆመዋል።

«ኤዶ፣ ሰልፉ የምንድን ነው?» አልኳቸው። ኤዶ አክስት ማለት ነው።

«ግመሉ ይነዝራል» አሉኝ። «ትናንት የልጄ ሚስት ነክታው የወገቧ ሕመም ለቀቃት። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ነው።»

መንዘሩን የትርኢቱ አካል አድርገው ወስደውታል! ከከተማው ግማሹ ጨዋታ ነው ብሎ፣ ግማሹ መድኃኒት ነው ብሎ ተሰልፏል። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የላስቲክ ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«ለምን ያወልቃሉ?»

«ጫማ ያደረገ ሰው ብዙም አይሰማውም አሉኝ።»

እውነታቸውን ነው። እስከዚያ ድረስ ሰዉን ያተረፈው ጫማውና ደረቁ መሬት ነበር። ቀና ስል የውሃ ቦቴው ከመናፈሻው ማዶ ቆሞ ሣሩን ያጠጣል። የክብር እንግዶች ስለሚመጡ ሣሩ ለምልሞ ይታይ ተብሎ ነው። ሠራተኛው ጎማውን እየጎተተ ወደ ግመሉ ይመጣል። ውሃው ከሰልፉ ጫፍ አሥር እርምጃ ቢቀረው ነው።

ሰዉን ገፍቼ ገባሁ። «ተራሽን ጠብቂ!» ብለው ጎተቱኝ። ቴስተሬን ብረቱ ላይ ሳስነካው ቦግ አለ። ቮልቲሜትሩን አወጣሁ፣ አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ አደረግኩ። ሁለት መቶ አሥር። በአማርኛም በሶማልኛም አትንኩ ብዬ ጮህኩ። ተራ ለመስረቅ ያመጣሁት ዘዴ መሰላቸው።

አስተባባሪው መግቢያው ላይ ነበር። ሮጬ ሄጄ ቁጥሩን ነገርኩት።

«እንግዶቹ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይገባሉ» አለኝ።

«ግመሉ ይጥፋ፣ ሌላው ይብራ። ለይቶ ማጥፊያው የታለ?»

«ለብቻው አይጠፋም፤ ሁሉም በአንድ መስመር ነው።» ሰዓቱን አየና፣ «እስካሁን የሞተ ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«ታዲያ ምን ትረብሺኛለሽ?»

 ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ያን አነጋገር ግን አልረሳሁም። ሰው ካልሞተ ችግር የለም የሚል ሰው መብራት አጠገብ መድረስ የለበትም።

ወደ ማከፋፈያው ሣጥን ሄጄ ፊውዙን ነቀልኩ። ግመሉ፣ ፋኖሶቹ፣ ምንጣፉ፣ ሁሉም ድርግም አለ። ሕዝቡ አጉረመረመ፣ አፏጨብኝ። ፊውዙን ኪሴ ከተትኩ።

አስተባባሪው ሁለት ጥበቃ አስከትሎ መጣ። «አንቺ ሴትዮ፣ አምጪው» አለ። ሣጥኑን በጀርባዬ ተደግፌ ቆምኩ። ይህን ጊዜ መብራቱ መጥፋቱን አይተው አደር ፋራህ ደረሱ። አስተባባሪው ወደሳቸው ዞረ።

«አለቃዋ እርስዎ ነዎት አይደል? ይዘዟት።»

አደር ፋራህ እኔን ነው ያዩት። «ለካሽው?»

«ለካሁት።»

«ስንት?»

«ሁለት መቶ አሥር። ውሃው ደግሞ እየመጣ ነው።»

«አልጠይቃትም» አሉት ሰውየውን።

«አለቃዋ አይደሉም እንዴ?»

«አለቃዋ ነኝ። ስለዚህ ነው የማልጠይቃት።»

እንግዶቹ መጥተው በጨለማው አጠገብ አለፉ። ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነው ተብሎ ተነገራቸው። አሮጊቷ ጫማቸውን መልሰው እያጠለቁ፣ «አባዮ፣ ምን በደልኩሽ? መድኃኒቴን አጠፋሽብኝ» አሉኝ። እህቴ ብለው ነው የተቆጡኝ። ላስረዳቸው ሞከርኩ፣ አላመኑኝም።

ከሳምንት በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ክሱ «የከተማውን ገጽታ ማበላሸት» ይላል።

«ማነው የላከሽ?» አለኝ ሰብሳቢው።

«ቮልቲሜትሩ።»

«ቀልዱን ተዪው።»

ቀልድ አልነበረም። ግመሉ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሞ ስለነበር፣ ወጥተን መብራት ለቀንበት እንለካው አልኳቸው። ግመሉ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ አይመለከተንም አሉ። አደር ፋራህ ያን ቀን ሙሉ በር ላይ ቆመው ጠብቀው፣ ስለ ኧርዙ የጻፉትን ደብዳቤ ግልባጭ አስገቡ። የደብዳቤው ቁጥር መዝገብ ላይ አልተገኘም ተባለ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ «ለሥራው ጥቅም» ተብሎም ወደ ሀርሺን ወረዳ ተዛወርኩ። አደር ፋራህ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። የመሸኛ ዝግጅት አልተደረገላቸውም።

ሀርሺን ክፉ አይደለችም። የከብት ገበያዋን መብራት ሠራሁ፣ ከሰዉም ጋር ተላመድኩ። በዓመቱ ጥቅምት ፈቃድ ወስጄ ወደ ጅግጅጋ ስመጣ ትርኢቱ ዳግም ተከፍቶ ነበር። ባልሄድ ይሻለኛል ብዬ ዋልኩ፤ ማታ ላይ ሄድኩ።

ግመሉ እዚያው ነው። ዙሪያውን ገመድ ተወጥሮበታል። ፊቱ ላይ በሦስት ቋንቋ ያማረ ሰሌዳ ቆሟል፦ «መንካት ክልክል ነው»። ፍየል ለመሸጥ ከገጠር የመጣ አንድ ሰው ገመዱን ተሻግሮ የግመሉ እግር አጠገብ ለፎቶ ቆሟል። እንዲመለስ በእጄ ጠራሁት።

«ምን ይላል?» አለኝ ሰሌዳውን እያሳየኝ።

አነበብኩለት።

«ለምን አይነካም?»

ቴስተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ብረቱ ላይ አስነካሁት። ቦግ አለ።

ለካስ አምነውኝ ነበር። ኮሚቴው ፊት ስቀርብም አምነውኝ ነበር። ግመሉ እንደሚነዝር አውቀው ነው ሰሌዳ ያጻፉት፣ አውቀው ነው ገመድ የወጠሩት። እኔን ሀርሺን ከሰደዱኝ በኋላ ያደረጉት ነገር ቢኖር የሠዓሊ ሥራ ነው። ባያምኑኝ ይሻለኝ ነበር።

ተረኛው የድሮ ባልደረባዬ መሐመድ ነበር። ያየሁትን ነገርኩት። ማንንም ሳያስፈቅድ መስመሩን ዘጋልኝ። ከሻኛው ሥር ኬብሉ በብየዳው ሹል ጠርዝ ተልጦ ብረቱን ሲነካ አገኘሁት። ቆርጬ ጣልኩና አዲስ ገጠምኩ፣ በናስትሮ አሰርኩ። መሐመድ ከመኪናው የመዳብ ዘንግ አምጥቶ ከኋላ እግሩ ጎን መሬት ውስጥ ቀበረው፤ ከብረቱ ጋር በሽቦ አያያዝነው። መብራቱ ሲለቀቅ ለካሁ። ዜሮ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው።

ለአዲስ ገቢዎች የምለው ይህን ነው። ሰው እጁ የሚደርስበት ብረት ላይ መብራት ከመለቀቁ በፊት ኧርዝ ይደረጋል። ሰሌዳ አይተካውም።